ይታያል

ስሙን አባቴ ነው ያወጣው፤
ከሰባቱ የመጨረሻው፣ እናቱ ትታው።
ሰው «ያድጋል እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ይታያል» አለ።
አባቴ አለፈ፤ ውሻው ግን አለ።

አምና በነፋሱ ወቅት ጀመረው፣
የአዳማ ቆርቆሮ ሁሉ ሲጮኽ፤
ነፋሱ ያንቀጠቀጠው መስሎኝ በሩን ዘጋሁ፤ እግሩ ግን አልቆመም፣
ተኝቶ ይሮጣል፣ የትም አይደርስም።

ዶክተር ቱሉ ወረቀት ጻፉልኝ።
መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ብዕር አንሥታ፣
«የታማሚው ስም?»
«ይታያል።»
«የአባትስ?»
ከኋላዬ ሰልፍ አለ፣ ፀሐዩ ይጠብሳል። የአባቴን ሰጠኋት።
«ይታያል ጉደታ፣ ስድስት ዓመት» ብላ ጻፈች።
ወንድም ሳይኖረኝ ኖሬ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ
ወንድም ወለደልኝ፣ ፖስታ ላይ፣ ሟቹ አባቴ።

ሙቀት አይወድም አሉኝ፣ ብርሃንም አይወድ፤
በዚህ ከተማ! ጥላው ራሱ በሚነድ።
ፍሪጅ የለኝም። የባጃጄን የመለዋወጫ ሣጥን አጥቤ፣
ካንዴላና ፊውዝ አውጥቼ፣ በእርጥብ ጨርቅ ከብቤ
ከእንስራው ሥር አኖርኩት።
ክዳኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ሁለት ደቂቃ ቁጠር። ካልተወው፣ አንድ ሲሪንጅ።
እጅህን አፉ ውስጥ አታግባ። ከሁለተኛው በፊት ደውል።»
በቃሌ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ሌሊት ሌሊት አነበዋለሁ።

ኅዳር ላይ፣ መብራት የጠፋ ማታ፣ ጣለው።
ተከራዩ ሁሉ ወጣ። አረፋውን አይቶ አንዱ «አብዷል!» አለ፣
ድንጋይ አነሣ።
እኔ መሬት ላይ ነኝ፣ በስልኬ መብራት እቆጥራለሁ፣
አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣
የጥርሱ ድምፅ፣
ስልሳ፣
አዴ ዲንቄ ክብሪት ጫሩ፣ ጭሱን ወደ አፍንጫው አስጠጉ፦
«ያሽትተው፣ ይተወዋል።»
አልተወውም።
መቶ ሃያ።
ጅራቱን አነሣሁ። ሰዉ ፊቱን አዞረ፣ አንዱ ሳቀ።
መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ቀስ ብዬ ገፋሁት፣ እስከ መጨረሻው፤
እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ጉልበቴ ነው የከዳው።
መጀመሪያ የኋላ እግሩ ሩጫውን ረሳ፣
ከዚያ የፊቱ፣
ከዚያ አንገቱ መሬቱን አመነው።

ሲነቃ አላወቀኝም። ግድግዳ እየገፋ ዞረ፣
የጎረቤት ባልዲ ውስጥ ያለውን ውኃ ጨረሰ፣ ተኛ።
ሰዉ ተበተነ። አዴ ዲንቄ አልሄዱም።
የክብሪቱን ቀፎ በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣
«ይኼ ነገር፣» አሉ፣ «ለሰውም ይሠራል?»

የጓሮው ክፍል፣ መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋው።
ልጃቸው ገመዳ፣ «ንፋስ መታው» እየተባለ የሚታለፈው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከክብሪት በቀር ያየው ሐኪም የለም።

«የእሱን የሰው ሐኪም ነው የሚለካው» አልኩ፣
«ነገ በጠዋት እወስዳችኋለሁ። ሒሳብ የለም።»
«ይድናል?»
ጨለማው ውስጥ ፊታቸው አይለይም።
«ይታያል» አልኩ፣
ውሻው የጠራሁት መስሎት ቀና አለ።