የተነከሰ አዝራር

ጭንብሉ ማሰሪያ፣ ክር የለውም ነበር፤
በውስጡ ያለችው፣ አንዲት ትንሽ አዝራር፤
ፊትሽን ለመያዝ፣ እሷን ነክሶ መኖር።
አንድ ቃል ካመለጠ፣ ፊት ከመሬት ያድራል፤
ቬኒስ ላይ በስሙ፣ «ዲዳዋ» ይባላል።

እመቤት ካንዲዳ፣ ያን ማታ ጠራችኝ፤
ቀሚስና ጓንቷን፣ ከነሽቶው ሰጠችኝ።
«ቁማር ቤት ሂጂና፣ እኔን መስለሽ አምሺ፤
በከንፈር አይደለም፣ በዝምታሽ ዋሺ።
አስሩን ወርቅ ያዢና፣ ቀስ እያልሽ ተበዪ፤
ባሌ ቢመጣብሽ፣ ካርታሽን ብቻ እዪ።»

የእናቷን ዕንቁ ግን፣ በመሐረብ ቋጥራ
ወለድ አገድ ሄደች፣ በጀልባ ተሻግራ።
በኔ አንገት የቀረው፣ ሙራኖ ብርጭቆ፣
ሻማ ሲቀርበው ግን፣ ዕንቁ ይሆናል ስቆ።

ጠረጴዛው ረጅም፣ ሰው ሁሉ ፊት አልባ፤
ባለባንኩ ብቻ፣ ፊቱን ገልጦ ገባ።
በሰባት ላይ ጣልሁ፤ ሰባት በግራ ወጣ፤
ልበላ ተልኬ፣ ልበላ ሆነ ዕጣ።
በንግሥት አስያዝሁ፤ ንግሥት ታማኝ ወጣች፤
ዕድል ቤት ተሳስታ፣ ገረድ ደጅ ላይ መጣች።
መቶ ሆነ አስሩ፤ መቶውም ሦስት መቶ፤
ያኔ ባል ደረሰ፣ በጎኔ ተጠግቶ።

ጓንት የለበሰ እጄን፣ ቀስ ብሎ አሻሸ፤
ወይን የሞላው ድምፁ፣ ሳይወጣ ሟሸሸ።
«ካንዲዳ፣ ይህ ነገር፣ ከጾም ወዲህ በላኝ፤
ፊት ለፊት ብነግርሽ፣ ፊትሽ ነው ያስፈራኝ።
አሁን ፊት የለሽም፤ ልንገርሽ ደፍሬ፤
የእናትሽን ዕንቁ፣ ሸጥሁት ለቁማሬ።
ይህ ካንገትሽ ያለው፣ ብርጭቆ ነው፤ ማሪኝ።»

ሳቄ ጉሮሮዬን፣ እንደ አጥንት አነቀኝ።

የሱ ብርጭቆ እዚያ፣ ሚዛን ላይ ተሰቅሏል፤
የሷ ብርጭቆ እዚህ፣ ባንገቴ ያበራል።
እውነተኛው ዕንቁ፣ ማን አንገት ላይ ይሆን?
ሁለት ሌባ መሐል፣ ነከስሁት አዝራሩን።
«ከሎሌ ይብሳል፣ አፍ ሲከዳ» ይላሉ፤
አፌ ታመነልኝ፣ ከዳሁ በሙሉ።

ወርቁን በቀሚሷ፣ ቋጥሬ ተነሣሁ፤
እንደ እመቤት ሁሉ፣ ሰላም ሳልል ወጣሁ።
ድልድዩ ላይ ስደርስ፣ ውኃው ጥቁር ቀለም፤
ተፋሁት ጭንብሉን፤ ድምፅም አላሰማም።
ክሯ ተበጥሶ፣ አልተፋም እያለች
ያቺ ትንሽ አዝራር፣ ከጥርሴ ላይ ቀረች።

አሁን ኪዮጃ ነኝ፤ ወርቁ ጀልባ ሆነ፣
ጀልባው መረብ ሆነ፣ መረቡም ባከነ።

አንዳንድ ሌት ግን አስባለሁ፦
ጓንቴን ሲያሻሽ የነበረ አውራ ጣቱ
ሳሙና የበላውን መዳፌን ሳያውቀው ቀርቶ ነው?
ወይስ ይቅርታውን ለመለማመድ
ሚስት ያልሆነች ጆሮ ፈልጎ?
እንጃ።

ጥርሴ ረግፏል፤ አንድም አልቀረኝም።
አዝራሯን ከመሐረብ ፈትቼ
ወደ ሻማው ሳስጠጋት ግን
ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ
አሁንም እሷ ላይ ናቸው፤
አሁንም ነክሰው ይዘዋል።