ከገበያው ጀርባ፣ ቁጥር ዐሥራ አንድ

በማለዳ ወጣሁ፣ ከረጢቴ ውስጥ ይዤ
የቧንቧ መፍቻዬን፣ ሰሌዳ ላይ ጠርዤ
ከማዘጋጃ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ የወረደ ትእዛዝ፦
«ቁጥር ዐሥራ አንድ። ያለፈቃድ የተከፋፈለ ቤት።
ውሃው ይዘጋ።»
ሰው የሚል ቃል የለበትም። ቤት ብቻ ነው፣ ቤት።

ባጄ ላይ ይጋል ነኝ። እናቴ ያወጣችው ይግዛው ነበር፤
የአየር ማረፊያው ጸሐፊ አሳጠረው፣
እኛም ነገር አላበዛን፣ ደክሞን ነበር።

ዓሣ ሻጩ በረዶውን ከሚደፋበት ጥግ፣
አንዱን ቤት በጂፕሰም ሰባት አድርገውታል፤
አከራዩ ሰባት ኪራይ ይለቅማል፣
ቆጣሪው ግን አንድ ነው።

ለተብርሃን በሩን ከፈተች። ወረቀቷን አወጣች፣
በላስቲክ የተጠቀለለ፣ እጥፋቱ የነተበ፣
በየስድስት ወሩ ተሰልፋ ያሳደሰችው።
«ይኸው» አለች፣ «መንግሥት ቆዪ ብሎኛል።»
«ይኸው» አልኋት እኔም፣ «ከተማው አትቆዪ ይላል።»
አልኋት ልበል እንጂ አላልኋትም፤
ሰሌዳውን ነው ያዞርሁላት።

ትናንት አለቃዬን ጠይቄው ነበር፣ «ማን ይበልጣል ከማን?»
«ማባረር የመንግሥት ነው» አለኝ፣ «እኛን ምን አገባን?
የእኛ ሥራ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳና ቧንቧ።»
ኢየሩሳሌም ቢደወል ደግሞ «እኛ አላባረርናትም፤
ውሃ የከተማው ጉዳይ ነው።»
አንዱ አላስወጣም ይላል፣ አንዱ አላስኖርም፤
ሰነዱን አገላብጬ አየሁ፣ አንዳቸውም አልዋሹም።

ሁለት ባላ ትከል ይላል ያገሬ ሰው፣
አንዱ ቢሰበር በአንዱ ልትንጠለጠል።
ሁለቱም ባይሰበሩስ? ይህን ያሰበ ማነው?
ሁለቱም ጸንተው ቆመው፣ እሷ መሃል።

እኔም አውቀዋለሁ ይህን መሃል። በዘጠኝ ዓመቴ፣
መንግሥት በአውሮፕላን ባመጣን ማግስት፣ አባቴ
እጄን ይዞ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ቢወስደኝ፣
የዚያች ከተማ ጸሐፊ «ሞልቷል» ብላ መለሰችኝ።
አራት ወንበር ባዶ ነበር። በመስኮት ቆጥሬያለሁ።
ያኔ መንግሥት መጥቶ ከተማዋን ሲገሥጽ
እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!
ታዲያ የማን ወገን ነኝ?
እንደ ወንበሩ ነኝ፣ ልበል፤ እንደ ቀኑ።

የማነ፣ ሰባት ዓመቱ፣ የእጅ ባትሪ ይዞልኝ
ወደ ቆጣሪው ጉድጓድ ወረደ። በዕብራይስጥ ጠየቀኝ፦
«አንተ ከየትኛው ነህ? ከከተማው ነህ ከመንግሥት?»
ሰባት ዓመቱ ነው።
እኔ ልዩነቱን የለየሁት ጢሜ ሸብቶ፣
ከስንት ፊርማ በኋላ።

«ማይ!» አለች እናቱ ከላይ፣ ባልዲ አንስታ።
ደረሰኜ ማዪም ይላል፤ ቄሳችን በግዕዝ ሲጸልይ
ማይ ይላል፣ ልክ እንደ እሷ።
ሦስት አፍ፣ አንድ ውሃ።

ቁጭ አልሁ። ሰሌዳውን ጉልበቴ ላይ ደፋሁት።
ባልዲው ሞላ። ድስቱ ሞላ። የሕፃን መታጠቢያው፣
የቀለም ቆርቆሮው፣ የአንድ ሽማግሌ ሁለት ጠርሙስ።
ከስድስቱ ክፍል ወጥተው ተሰለፉ፤
መሰለፍ ያውቃሉ።
ቆጣሪው ይቆጥራል። የሚያውቀው ጠብታ ነው፤
ስም አይጠይቅም፣ ማኅተም አያነብም።

ከዚያ መፍቻውን አዞርሁት።
አዎ፣ አዞርሁት። ባለፈው ሳምንት
ቁጥር ዘጠኝንም አዙሬያለሁ።
ቅጹ «የተዘጋበት ሰዓት» ይላል፤ ዐሥር ከሃያ ብዬ ጻፍሁ፣
በአባቴ አቆጣጠር አራት ከሃያ።
«የዘገየበት ምክንያት» ይላል፤ ባዶ ተውሁት።

ፔታህ ቲክቫ ናት ከተማችን፤ የተስፋ በር ማለት ነው፣
ከሆሴዕ ትንቢት የተቀዳ።
በር መሆኑን አልክድም። መዝጊያው ማን እጅ እንዳለ ነው
እስካሁን በፋይል የሚንከራተተው።

ደረጃውን ስወጣ የማነ ባትሪውን አላጠፋም።
እስከ አደባባዩ ድረስ ተከተለኝ ብርሃኑ፣
ጀርባዬ ላይ፣
መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።