የአሳላፊ ሰኞ

ሰኞ እረፍቴ ነው። ፎጣዬን ሰቅዬ፣
ጥቁር ሱሪ ትቼ፣ ሌላ ሰው መስዬ፣
ከሳሙና በር ላይ ባጃጅ እይዛለሁ፤
ስድስት ቀን ቆሜ፣ ዛሬ እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ ዳቦ ቤት፤ ፒያሳ ጥግ ያለው፣
ግንቡ የጣልያን ሆኖ እሳቱ የትርንጎ ነው።
በመስኮቱ በኩል እጄን ሰድጄ
ከምድጃ የወጣ አንድ ዳቦ ወስጄ
አገላብጠዋለሁ ከግራ ወደ ቀኝ፤
«አይሸሽህም፣ ቀስ በል! ምላስህን!» አለችኝ።
«ዳቦሽ አነሰሳ?»
«አንተም ትልቅ ነበርክ፤ ማን ጠየቀህ?» አለች፣
ሳቋን በዱቄት እጅ ሸፍና ደበቀች።

አውቶ ፓርኮ ለፉል። ጠረጴዛው ያነክሳል፤
እንደኔ ዓይነቱ ሰው አይቶ እንዴት ያልፋል?
የሲጋራ ፓኮ አጥፌ ከእግሩ ሥር ሸጎጥኩ፤
የጎረቤት ሰሃን ሳላውቀው ደረብኩ።
ተው እንጂ አንተ እጅ! ሰኞ ነው አላልኩም?
ያ ማንኪያ፣ ያም ጆግ፣ የኛ ቤት አይደለም።

ችግሩ መታወቅ። ሂሳብ ብዬ ብጣራ
«ሂድ ወዲያ!» ይሉኛል ጓደኞቼ በጋራ፤
«ጥጋቡ ከመጣ ቤቱ መቼ ይርበዋል!»
አንዱ ያንን ይላል፣ ሌላው ይስቅለታል።
እኔም እስቃለሁ። ግን ደግሞ ሳስበው፣
በሰባ ሰባት ወልዳ
ጥጋቡ ያለችኝ እናቴ ምን ቀምሳ ነው?
ወይስ ስም ሲጠሩት
ይመጣል መስሏት?

ስለዚህ ለምሳ የማያውቁኝ ቤት፣
ከኮረብታው አናት፣
ግንቡም ቆርቆሮውም እንደ ትሪ ተዘርግቶ የሚታይበት።
አስተናጋጁ ልጅ ነው፤ ክራቫቱ ተጣሟል፤
«ጌታዬ» ይለኛል። ሰው ለካ እንዲህ ይባላል!
ሜኑው እጄን ከበደው፤ ዋጋው ላይ ወረቀት፣
በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት፣ ሌላም ተለጥፎበት።
ልጁ ዞር ሲልልኝ በጥፍሬ ላጥኩት፤
ከጥብሱ ዋጋ ሥር አምናን አገኘሁት፤
ከአምና ሥር ሀቻምና፤ ከዚያ መንገድ የተዘጋ ጊዜ፣
ወንበር በወንበር ላይ ደርድረን በትካዜ
ዝንብ የቆጠርንበት።
ከዚያም ሥር ሰባ አምስት ብር፤ ውባለምን ይዤ የመጣሁ ለት፣
አንድ ጥብስ ለሁለት።
«ጠገብኩ» ብላኝ ነበር ሁለቴ ሳትጎርስ፤
ኪሴን አስባ ነው። እኔም ጅሉ፣ ደስ ብሎኝ ስጨርስ!
የመጨረሻው ዋጋ በብዕር ተጽፏል፤ ማንበብ ፈራሁ፤
መልሼ ለጠፍኩት። ጥብስ አዘዝኩ፤ በላሁ።

በላሁ ማለት ሐሰት። ልጁን ነው ያየሁት፣
ትሪ ሁለት እጁን ይዞት ሲመላለስ፣ ሽታው ሲያልፍበት፣
ጉሮሮው ወጣ ወረድ ሲል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤
አሳላፊ የሚበላው ሰው ሁሉ ሲጠግብ ነው።
«ምሳ በላህ?» አልኩት። «በልቻለሁ» አለኝ።
ያ ውሸት የኔ ነው፤ ሃያ ዓመት ለብሼዋለሁ፤
ልኩን አውቀዋለሁ።

ግራ ቀኝ አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ ነው።
ጠቅልዬ ዘረጋሁ፤ እጁ ለተያዘ ሰው አፉ ነው ያለው፤
ከፈተ። ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነው።
አንድ ያጣላል ይባላል፤
ስለዚህ ውኃ ሊያመጣ ሄዶ ተመለሰ፤ ጎረሰ።
ሦስተኛውን ጊዜ
ያላዘዝኩትን ስቴኪኒ ይዞልኝ ደረሰ።
ጉርሻ እንግዲህ ይህ ነው። የብሩንም ጉርሻ ትሪው ላይ ጨመርኩ፣
እንዳይመስለው ብዬ አንዱ የአንዱ ምትክ።

ማታ ድራፍት ቤት። መብራት ሄዶ
ጄኔሬተሩ ጓሮ ሲያጉረመርም፣
እግሬን ዘርግቼ፣ ከንፈሬን አረፋው ላይ አሳርፌ፣
የማንንም ጠረጴዛ ሳልቆጥር፣ የማንንም ዓይን ሳልጠብቅ፣
ሰኞ የምላት ይህችን ሰዓት ነው፣
ይህችን ብቻ፣
ከጀርባዬ አንዱ ሁለቴ አጨበጨበ።

«አቤት!» ብዬ ተነሣሁ።