ከትኬት መስኮቱ ወዲህ

አስራ ዘጠኝ በጋ ከሐይቁ ዳር ከርሜ፣
ትኬት ስቆርጥ ኖርኩኝ በጣውላ ቤት ቆሜ።
መስኮቷ ጠባብ ናት፣ ፊት አታሳይም፤
እጅ ነው የማየው፣ ባለእጁን አላውቅም።
ቀለበት የጠበበው፣ ግሪስ ያጠቆረው፣
የዓሣ ቅርፊት ገና ጥፍሩ ላይ የቀረው፣
አንዱን አውራ ጣቱን ስፌት ያሻከረው፤
ማኅተሜን መትቼ ሁሉን አሳልፌ፣
ሙዚቃውን እሰማለሁ ግድግዳ ተደግፌ።

ዘንድሮ ማሽን መጣ፣ ስልክ አስነክቶ የሚያስከፍል፤
“ታይስቶ፣ ደህና ሁን” ብለው ኬክ አስቆረሱኝ፤
ቁልፌን አስረክቤ ቀረሁ ያለ ክፍል።

ካፖርት ተቀባይዋ ኢርመሊ ግን ሳቀችብኝ፤
“በር ላይ አርጅተህ ቤቱን ሳታየው?” አለችኝ።
“ሐሙስ በቀትር ና፤ ግን በዚህ ቦቲ አይደለም፤
ጎማ ሶል ወለል ይነክሳል፣ ከነከሰ አይለቅም፤
እግር ቀርቶ ጉልበት ሲዞር፣ እሱ ዳንስ አይባልም።
ቆዳ ሶል ያለው ፈልግ፣ የሚንሸራተት፣ የማይከዳ፤
ሁለት ሸሚዝ ያዝ፣ አንዱ ላብ ሲጠጣ ሌላው ይቆይ ከጓዳ።
ቁልፍ፣ ሰንጢ፣ ሳንቲም፣ ሁሉን ከኪስህ አራግፍ፤
ማንም ሴት አልመጣችም ከመሣሪያ ሣጥን ጋር ልትተቃቀፍ።
የሱፍ ሹራብ ይቅርብህ፣ ሰው ከውስጡ ይቀቀላል፤
ነጭ ሽንኩርቱም አይቸኩል፣ እሁድ ምሳ ላይ ይደርሳል።”

ከአሮጌ ዕቃ መደብር ጥቁር ጫማ አገኘሁ፣ ባለቤቱ የሞተ፤
ሶሉ ከአውራ ጣት ሥር ሳስቷል፣ በደንብ የተጫወተ፤
ጫማው ሥራውን ያውቃል፣ እግሬ ነው የሳተ።

ሐሙስ፣ በባዶ ማንጠልጠያ መሐል ቆምን ሁለታችን።
“መራመድ ትችላለህ?” “እችላለሁ።” “በቃ፣ ይኸው ነው ዳንሳችን።
ዝግ... ዝግ... ፈጠን፣ ፈጠን። በግራ ጀምር፣ አትቁጠር ጮክ ብለህ፤
ወለሉን አትየው፣ የትም አይሄድ ጥሎህ፤
ደረትህ ይቅደም፣ እግር ይከተላል፤
ጋሪው ከፈረሱ ቀድሞ የት ይደርሳል?”
እኔ ግን ዝጉን አፈጠንሁ፣ ፈጠኑን ረሳሁ፤
መስቀያውን ገፍቼ ጣልሁ፣ መልሼ አነሳሁ፤
“እንደገና” አለችኝ፤ እንደገና እግሯን ረገጥሁ።

ቅዳሜ። የፊንላንድ ሐምሌ፤
ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ፀሐይ አልገባችም፤
ትንኝም ከጫካው ወጥታ ሥራ አልፈታችም።
ወንድ በዚህ ግድግዳ፣ ሴት በዚያኛው ተሰልፎ፣
አኮርዲዮኑ ያለቅሳል ሆዱን ነፍቶ፣ አጥፎ።
ሕጉ ቀላል ነው፤ ሁለት ዘፈን ከአንዷ ጋር፣ ከዚያ እስከ ቦታዋ መሸኘት፤
ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ መዞር፣
መሐል ወለል ቆሞ አለመሟገት።
አንዷን ጠየቅሁ፤ መጣች። ሽንፈቴን አልተርክም።
“ደህና ነው” አለች እያነከሰች። ደህና አልነበረም።

ከዚያ ቀይ መብራት በራ፤
የሴቶች ተራ፤ ጠያቂና ተጠያቂ ተለዋወጡ፤
ወንዶቹ ትከሻ አቀኑ፣ ፀጉር ዳበሱ፣ ሸሚዝ ሸጎጡ።
እኔ በሩን አየሁ፣ የኔን በር፣ ማሽኑ የሚያበራበትን፤
ልውጣ፣ ሸሚዝ ልቀይር እያልሁ፣ ሁለተኛውን፣ ደረቁን።

አንዲት እጅ መጣች።
ፊቱን አላየሁም፣ ልማድ ነው፤ እጁን አየሁ፤
አውራ ጣቱ ላይ ስፌት። “አውቅሻለሁ” አልሁ።
“እኔ አላውቅህም” አለች። ቀና ስል ፍንጭት ናት፤
ያንን ሁሉ በጋ ጥርሷን አላየሁት።

ዝግ... ዝግ... ፈጠን፣ ፈጠን። ጋሪው ፈረሱን ተከተለ፤
ማን ፈረስ፣ ማን ጋሪ እንደሆነ አልለየሁም፣ ምን አለ።
አንዴ ረገጥኋት። አንዴ ረገጠችኝ። ሂሳቡ ተካከለ።

ዘፈኑ ቆመ።
በሁለት ዘፈን መሐል ያለውን ዝምታ ማንም አላስተማረኝም፤
እጄን የት ላኑረው? ኪሴ ባዶ ነው፣ የምቆጥረው ሳንቲም የለኝም።
“ራውኒ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ” አለች፣ ጠባሳዋን ማየቴን አይታ፤
“ትኬት እቆርጥ ነበር” አልሁ።
ሳቀች፣ ማኅተም እንደሚመታላት አንጓዋን ዘርግታ።

አኮርዲዮኑ ትንፋሽ ሳበ።