ተረፈ ምርት

በባጃጅ ደረስሁኝ፣ ከሐርቡ ገበያ ማዶ፣
ክንዴ ሥር ቅጽ ወሽቄ፣ ግማሹ ሙሉ ግማሹ ባዶ።
ከቅጹ ጋር የተያያዘ፣ ግራፍ አለ በቀለም፣
የባለ ፋብሪካ አገሮች፣ የአርባ ዓመት የበቆሎ ዓለም፤
ቀዩ መስመር ፍሬው ነው፣ ሽቅብ ሽቅብ የሚሄደው፣
ሰማያዊው አገዳው ነው፣ ከማሳው ላይ የሚቀረው፤
ኮምባይነር ያጭደዋል፣ ከትክቶ ይበትነዋል መልሶ፣
መሬቱ ብርዱን ያልፋል፣ እንደ ጋቢ እሱን ለብሶ።

ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ አራት፦
«ከአጨዳ በኋላ በማሳው፣ ስንት በመቶ ተረፈ ምርት
ሳይነሳ ይቀራል?» ይላል።

እማ ዘሐራ ከደጃፏ፣ በቆሎ እየፈለፈለች፣
ጥያቄዬን እስክጨርስ፣ ቀና ሳትል አዳመጠች።
«ምን ይተርፋል?» አለችኝ።
«ለምለሙ ቅጠል የላሚቱ፣ ደረቁ አገዳ የአጥሩ፣
ቆረቆንዳው የምድጃ፣ አመዱም ለጓሮ አፈሩ፤
ጉቶውን እንኳ ነቅለን፣ ሐምሌ ላይ እንማግዳለን፣
ልጡን ልጆች መነጽር ሠርተው፣ ‹ሐኪም ነን› ይሉናል፤ እንታከማለን።
ሰው ይጠይቃል እንዴ፣ በመቶ የሌለ ነገር?
ከቤት የተረፈ ሲኖር አይደል፣ ለመሬት የሚቆጠር?»

ዜሮ ልጽፍ ስል ብዕሬን፣ ያዘችው በጣቷ ከላይ፣
«ቁጥር ነው የምትፈልገው? ግባ፤ ምሰሶዬን እይ።»

ጨለማ ነው። ዓይኔ እስኪለምድ ቆምሁ።
የዋንዛ ምሰሶ፣ የሠላሳ ዓመት ጢስ የጠጣ፣
በማጭድ ጫፍ የተጫረ፣ ጭረት ከጭረት ጎን የወጣ፣
በየዓመቱ አንድ ጣት ወደ ቀኝ፣ እንጨቱን እየዞረ።
«ባሌ እብሬ የጀመረው ነው፣ በተጋባን በዓመቱ፣
ረጅሙን አገዳ መርጦ፣ አስደግፎ ከእንጨቱ፣
ጫፉ የደረሰበትን፣ በማጭዱ ይጭረዋል፤
‹ላሚቱ ትከርማለች›፣ ወይ ‹ትሸጣለች› ይላል።
ይኸ ከጣራው ጥግ ያለው፣ የአባቶች ዘር ነው፣ የድሮው፣
አገዳው የሰው እጥፍ ነበር፣ እፍኝ የማይሞላ ፍሬው።
ይኸ ሰፈሩ በሙሉ፣ ጣራ የከደነበት ዓመት፣
ይኸ ተምች የገባበት፣ ይኸ እብሬ የሞተበት፤»

እዚህ ላይ ክፍተት አለ፤ ምንም ጭረት የለበትም።
እሱን አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ እየዞረ እየወረደ፣
ከጣራው ወደ ግንባሯ፣ ከግንባሯ ወደ ትከሻዋ ሄደ።
«ምርጥ ዘር አመጣችሁልን፤ አልዋሽም፣ ፍሬው ደግ ነው፣
ጎተራዬን ሞልቼበታለሁ። ግን አጭር ነው፣ ድንክ ነው።
ለእኔ አፍ የጨመረውን፣ ከላሚቱ አፍ ነው የቀነሰው፤
ይኸንን የትኛው መስመር ነው፣ በሥዕልህ ላይ የሚያሳየው?»

ግራፉን ዘረጋሁት። ቀዩም ወጥቷል፣ ሰማያዊውም፤
ላም የምትባል መስመር ግን፣ ከዳር እስከ ዳር የለችም።
እዚያ አገር ስለ አገዳ የሚጨነቅ ሰው፣
መሬቱን ምን ያህል እንዳለበሰ ነው የሚያሰላው፤
እዚህ ስንት ወር እንዳሻገረ ነው የሚቆጠረው።

በበሩ በኩል ማሳዋ ይታያል።
ተላጭቷል። አፈሩ ቀይ ነው።
ቦርከና በየክረምቱ ከእሱ ላይ ዘግኖ ይሄዳል።
እሱም የራበው አፍ ነው።
ይህን አልነገርኋትም። ታውቀዋለች።

ሜትሬን አወጣሁና፣ ከመጀመሪያው ጭረት ጀምሬ፣
ቁመቱን በሙሉ ጻፍሁ፣ የቅጹን ጀርባ አዙሬ፤
ክፍተቱ ጋ ስደርስ ቆምሁ።
የሜትሩን ጫፍ እንደያዘች፣ ፊቷን ሳትመልስ ወደ እኔ፣
«ተረፈ የምትሉት ቃል፣ እዚህ ሰፈር ለሰው ነው፣ ወንድሜ።
እለፈው» አለችኝ።
አለፍሁት።

ማታ ቢሮ ገብቼ፣ ቅጹን ኮምፒዩተር ላይ ስሞላ፣
ዐሥራ አራተኛው ሣጥን፣ «ያለ ቁጥር አታልፍም» አለ፤ ቀላ።
ሠላሳውን ጭረት አይወስድም፤ ሰፊ አይደለም።
ዜሮ ልጽፍ ጣቴን አነሳሁ፣
አስቀመጥሁ።
መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ፣
ሣጥኑ እንደቀላ አደረ።