ያልጠበቀ

ራስል ነበር ድሮ፣ መኪና ባቆምን ቁጥር
ከተሳቢው ቤት ሥር የሚጋደም ካፈር፤
ስኮርታውን ይዞ፣ ነቅነቅ አድርጎ፣
ዳዶውን በመፍቻ ሩብ ዙር ፈልጎ፣
«አለች» ይለኝ ነበር፣ ጉልበቱን ጠራርጎ።

እስቅበት ነበር።
«ሚስትህን እንዲህ ባየሃት» እለዋለሁ፤
«አንቺ ብሎን የለሽ፣ በምን አጠብቃለሁ?»

ዘንድሮ ግን ጉልበቱ፣ ሐኪም የቀየረው፣
ብረት ያስገባበት፣ በስፌት ያሰረው፣
አልታጠፍ አለና መፍቻው ለእኔ ደረሰ።
ማሪ ላይ ናፍጣ ስንቀዳ አቧራው ነፈሰ።
«አየሻት፣ ግሌኒስ?» አለኝ በመስኮት።
«አየኋት» አልኩት።
ያየሁት ግን ሻይ ነው፣ በወረቀት ኩባያ፣
ከማደያው ደጃፍ፣ ከጥላው መቆሚያ።
ውሸቴ ትንሽ ናት፣ አንድ ዳዶ ታክላለች፤
ሃያ አምስት ኪሎ ግን ጎማ ተሸክማለች።

ከማሪ ወደ ኡድናዳታ መንገዱ ቆርቆሮ ነው፤
ፀሐይ ያደረቀው፣ ከባድ መኪና ያኮማተረው።
ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ሹካ ከማንኪያ ይጣላል።
የስኳሩ ጣሳ በቁም ሳጥን ውስጥ ያጨበጭባል።
ከኋላ ደግሞ፣ እኛ በማናይበት፣
ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣
አንድ ዳዶ ወደ ግራ ይዞራል።

ከቀትር በኋላ የግራው ጎማ ፈነዳ፤
ሜዳ በቀኝ፣ ሜዳ በግራ፣ ከፊትም ሜዳ።
ራስል ክሪኩን አቆመ፣ ብሎኑን ፈታታ፤
«አምጪያት» አለኝ። ዞርኩ።
የለችም ስኮርታ።
ማቀፊያ ብረቱ ብቻውን ተሰቅሎ
ባዶ እጁን ይዘረጋል፣ «ምን ላርግ» ብሎ።

ሁለት ሰዓት ቆምን። ራስል ምንም አላለ።
«አየኋት» ያልኩት ቃል ከመካከላችን ዋለ።

ከመጣንበት በኩል ቢጫ ነገር መጣ፣
መንገዱን እየላጨ፣ ከአቧራው ሲወጣ።
ግሬደር ነው። ነጂዋ ታንያ ትባላለች፤
ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፍታ ትስቃለች።
«አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ወዲያ፣ ከቦዩ ወድቃ
አገኘኋት» አለች፣ «እንደ ሰካራም ደርቃ።
በዚህ ወር አራተኛዬ ናት፤ ጎማ ለቃሚ ሆኛለሁ፤
ጠያቂ ያጡትን የአበባ መደብ አደርጋቸዋለሁ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ብረቱን አየች።
«አንድ ዳዶ አይበቃም፤ ሌላ ይጨመርበት፣
አንዱ ልላላ ሲል ሌላው ይያዘው ካንገት።
ሰንሰለትም ይኑራት፤ ቢሰበር ብየዳው
አንጠልጥሎ ያቆያት፣ እንዳትቀር ከሜዳው።
በየማደያው ደግሞ እጃችሁን ስደዱበት፤
ዓይን ይዋሻል።»
እኔ አየሁ ወደ መሬት።

ተራ ተለዋወጡ፤ የተገኘችው ወደ ሥራ፣
የፈነዳችው ወደ ማቀፊያው፣ ከነቁስሏ፣ ከነአቧራ።
ራስል መፍቻውን ሰጠኝ። ቃል አልጨመረበት።
ገባሁ ከተሳቢው ሥር፣ በጀርባዬ ተንፏቅቄ።

እዚያ ነው ያየሁት፣ በአርባ ዓመት ትዳር ያላየሁት፤
ከቀረው ዳዶ ጀምሮ እስከ ብረቱ ድረስ
በነጭ ቀለም የሰመረው፣ ከክር የቀጠነ መስመር።
ቀጥ ካለ ጠብቋል፤ ከተሰበረ ላልቷል።
ከጎኑ በጠባብ ጽሕፈት፣ ዓመት በዓመት፣ ቀን፣
የልጅ ቁመት በር መቃን ላይ እንደሚጻፍ።
የመጨረሻው የአምናው ነው።
መስመሩ ተሰብሯል፤
ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ያልጠበቀ አይጠብቅም፤ ይህን አሁን አውቃለሁ፤
ታንያ በሰጠችን ዳዶ ላይ ዳዶ እጨምራለሁ።

«አለች?» አለ ከውጭ፣ ድምፁ በአቧራ ታፍኖ።
ጎማዋን ይሁን እኔን፣ አልጠየቅኩትም።
ነቀነቅኳት። ሁለቴ።
«ቀለሙን አቀብለኝ» አልኩት።