ያልተነካ

የካቲት ነው፣ ማለዳ፤ የአሎኔ አባ ጫካ፤
ከአጥሩ ወዲያ ከብት ይግጣል፣ ከአጥሩ ወዲህ «ያልተነካ»
ይላል ሰሌዳው።
አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሽቦ መስኮት ይዘን
ሣሩ ላይ አስተኛነው፣ እኛም ተንበርክከን።

«ጣሰው» ትለኛለች ኖጋ፣ ፍቺውን ሳታውቀው፤
«ሃምሳ ዓመት ምሳር አልገባም፤ እግርህን ጠብቀው።»
እሺ ብዬ ጻፍሁ፦
ሲናር፣ ዐሥራ አንድ እግር።
የዱር ገብስ፣ ሰባት። ማገጥ፣ የማይቈጠር።
ኮሸሽላ ላይ ስደርስ እጄ ሳላዝዘው ተዘረጋ፣
ሊነቅል።
በአባቴ ማሳ አረም ነበሩ፤ አጎንብሼ ስነቅል
ውዬ ባድር የማያልቁ።
እዚህ ግን በየስማቸው፣ በየተራ ይጠራሉ፤
እንደ ቤት ልጅ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ።

ዛፎቹ አይነካኩም፤ እንደ ኩሩ ጎረቤት
በመሐላቸው ለሣሩ ትተዋል የፀሐይ ክፍት።
መጽሐፋችን «አድባር» ያለው፣
አብርሃም ድንኳኑን የተከለበት፣ ይኸው ዛፍ ነው።
«ይህን ማን ተከለው?» አልኋት። ሳቀች።
«ሌባ።»
የቁራ ዘመድ፣ ክንፏ ላይ ሰማያዊ ጥለት ያላት ወፍ፤
ፍሬውን ሰርቃ ቀበረች፣ ለክፉ ቀን፣ ለዶፍ፤
ከዚያ ረሳችው።
ከመርሳቷ ይህ ሁሉ ጥላ።

ድንገት በሽቦው መሐል አፈሩ ተነፈሰ፤
አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ በማገጡ ላይ ፈሰሰ።
ፍልፈል!
አጥር አያይ፣ ሰሌዳ አያነብ፣ ዐይን የለው፤
ዐሥራ አንዱን ሲናር ባንድ ግፊት ስድስት አደረገው።
«ነካው!» አልሁ።
ኖጋ እርሳሷን ነክሳ፣ «እሱ አይቈጠርም» አለች።

እንዴት አይቈጠርም?
ከርከሮ ትናንት ሌሊት ዳገቱን አርሶ አድሯል፤
ጃርት ሥር ቆፍሮ ወስዶ እሾሁን ጥሎ ሄዷል፤
ጉንዳን ዘር ተሸክሞ መንገድ አውጥቷል፣ ጠባብ፣ ራቁት፤
ሚዳቋ የተኛችበት ሣር፣ እጄን ሳሳርፍበት፣
ገና ሙቅ ነበር።
ሁሉም ሁሉን ነክቷል እዚህ፣
በጥርስ፣ በኮቴ፣ በሥር፣ በመርሳት፤
ያልነካው የሰው እጅ ነው፤
እሱም ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት።

ስድስት ሰዓት ላይ ተነሣን። ሽቦውን ሳጥፍ አየሁ፦
በተንበረከክሁበት ሁለት ጎድጓዳ፣
ባንዱ ውስጥ ራቄፌት፣ አንገቷ የተቀጨ።
ኖጋ ወደ መኪናው ቀድማኝ ስትወርድ
መዝገቡን መልሼ ገለጥሁ፤
ከመጨረሻው ዐምድ፣ «ልዩ ምልክት» ከሚለው ሥር ጻፍሁ፦

ፍልፈል፣ አንድ።
ጉልበት፣ ሁለት።